የፍየል ዓይብ ለጓሮ ገቢ

የእንጦጦ እናቶች ለብዙ ዓመታት ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ ኖረዋል። ከዚህ የሚቀልል ሐላል ገቢ የለምን? በ1980ዎቹ ዓ.ም. ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በሐረርጌና በወላይታ ለችግረኛ እናቶች ፍየል በዱቤ ይሰጥ ነበር፤ ዕዳው የሚመለሰው በሴት ግልገል ነው። እኛም በሁለት ፍየል መጀመር ይቻላል እንላለን። ፍየል የተራራውን ችግኝ እንዳትጨርስ ግን ታስራ ትቀለብ።

የፍየል ወተት ቅባቱ ደቃቅ ስለሆነ ቅቤው በቀላሉ አይወጣም፤ ዓይብ ማድረጉ ይሻላል። ጥሬው ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አስቀድሞ ይፈላ። ከእሳት ወርዶ ገና ትኩስ ሳለ ሎሚ ሲጨመቅበት ይረጋል፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ የሚሠራ ቺዝ ከሆነ የእርዱ ነገር ይጠየቃል፤ ሎሚ ግን ከዚህ ጥርጣሬ ያሳርፈናል።

ቅድሚያ ለልጆቻችን ድርሻ እናስቀምጥ፤ የተረፈው ለገበያ ይውጣ።