የስነ ምግብ ሰርተፍኬት የሙያ ፈቃድን አይተካም

በአሜሪካ የአካል ብቃት አሰልጣኞች ለስነ ምግብ ሰርተፍኬት ከመመዝገባቸው አስቀድሞ የሚሠሩበትን ግዛት ሕግ ሊያጣሩ ይገባል።

የግል ተቋማት ሰርተፍኬቱን የሚሰጡት በአብዛኛው በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርትና ፈተና ነው። «የተመዘገበ የስነ ምግብ ባለሙያ» ለመባል ግን እ.ኤ.አ ከጥር 2024 ወዲህ ለፈተናው የሚቀርቡ አዲስ አመልካቾች የማስተርስ ዲግሪ ሊኖራቸው ይገባል። ቢያንስ የ1 ሺህ ሰዓት የተግባር ልምምድም ይጠየቃሉ።

ልዩነቱ በፍሎሪዳ ግዛት በግልጽ ታይቷል። ከግል ተቋም ባገኙት ሰርተፍኬት በክፍያ የአመጋገብ ምክር ይሰጡ የነበሩ አንዲት የጤና አማካሪ፣ የሙያ ፈቃድ ስላልነበራቸው በ2017 ወጪን ጨምሮ ከ750 ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ተደርጓል። አማካሪዋ ቀደም ሲል ይኖሩባት በነበረችው ካሊፎርኒያ ይህንኑ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት ይችሉ ነበር። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2022 የፍሎሪዳ ሕግ የመናገር ነጻነትን አይጥስም ሲል ወስኗል። ይህን መሰሉ ጉዳይ በሰርተፍኬት ማስታወቂያዎች ላይ ጎልቶ አይነገርም።

ፍሎሪዳ ሕጉን በ2020 በማላላቷ፣ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ፈቃድ ያለን ባለሙያዎች ነን እስካላሉ ድረስ ለጤነኛ ደንበኞች ምክር መስጠት ይችላሉ። በስኳር በሽታና በመሳሰሉት ምክንያት በሐኪም ክትትል ሥር ያሉ ሕሙማንን የአመጋገብ ሕክምና ግን ማሻሻያው አላካተተም።