የመጽሐፍ መብት፤ ከንጉሥ ፈቃድ እስከ ደራሲው ሀብት

አንድ ነጋዴ መቶ ኩንታል ስኳር በገዛ ጊዜ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነው። መቶ መጻሕፍት የገዛ ነጋዴ ግን የቅጂዎቹ እንጂ የድርሰቱ ባለቤት አይሆንም፤ መሸጥ ይችላል፤ አባዝቶ ማሳተም ግን አይፈቀድለትም። ይህ ልዩነት ከወዴት እንደ መጣ ማወቅ በመርካቶም ሆነ በሳንሱሲ ሱቅ ለከፈተ ሁሉ ይጠቅማል።

መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ ይገለበጥ በነበረበት ዘመን ጸሐፊው ዋጋ የሚቀበለው ለድካሙ ነበር። የማተሚያ መኪና በመጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። የመጀመሪያው አታሚ ብዙ ወጪ አውጥቶ ያዘጋጀውን ሥራ፣ ሁለተኛው በርካሽ አትሞ ገበያውን ይወስድበት ጀመር። ስለዚህ አታሚዎች ከመንግሥታት ጥበቃ ለመኑ። የቬኒስ መንግሥት በ1469 እ.ኤ.አ. ለአታሚው ለዮሐንስ ዘስፔየር በከተማይቱ ለአምስት ዓመት ብቻውን የማተም ፈቃድ ሰጠ። በ1557 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝ ዘውድ ለለንደን የመጻሕፍት ነጋዴዎች ማኅበር የመብት ደብዳቤ ሰጠ። ነጋዴው ትርፉን ሲጠብቅ፣ ዘውዱ የሚታተመውን ይቈጣጠር ነበር፤ ደራሲው ግን ተረሳ። እርሱን የመብቱ ባለቤት ያደረገው በንግሥት አን ዘመን በ1710 እ.ኤ.አ. የጸናው ሕግ ነው። ለአዲስ መጽሐፍ 14 ዓመት፣ ደራሲው በሕይወት ቢቈይ ሌላ 14 ዓመት ፈቀደ።

በአገራችንም ኅትመት ያደገው በዙፋን ጥላ ሥር ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ፣ ደራሲ ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ ባለመብት መሆኑን ደነገገ፤ በደራሲና በአሳታሚ መካከል የሚደረገውንም ውል ወሰነ። መብቱ ከእንግዲህ የንጉሥ ችሮታ ሳይሆን የድካም ፍሬ ሆነ።

የደራሲን መብት የሚመለከቱት የዚህ ሕግ ድንጋጌዎች በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 410 ተተኩ። በአዋጁ መሠረት ደራሲው ከሥራው የሚያገኘው የጥቅም መብት በሕይወቱ ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ ቅጂዎችን ከውጭ አገር ማስገባትም ከባለመብቱ ሥልጣን አንዱ ነው። ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት የባለመብቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይመልከት፤ ባለሱቁም ዋጋው እጅግ የረከሰ መጽሐፍ ሲቀርብለት፣ አሳታሚው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ደረሰኝም ይቀበል። ያለፈቃድ የታተመ ቅጂ ዛሬ በርካሽ ቢገዛም ነገ በፍርድ ቤት ሊያስከፍል ይችላልና።