ፓይኤንቭ

ፓይኤንቭ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በርካታ የፓይተን ስሪቶችን ጎን ለጎን ለመጫንና እንደየፕሮጀክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀያየር የሚያገለግል፣ ከትዕዛዝ መስመር የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ለሊኑክስና ለማክኦኤስ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለዊንዶውስ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጥ ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮጀክት አለ። ሥራው ፓይተንን መለወጥ ሳይሆን፣ ተጠቃሚው «ፓይተን» የሚለውን ትዕዛዝ ሲጽፍ ከተጫኑት ስሪቶች የትኛው እንደሚነሳ መወሰን ነው።

አስፈላጊነቱ

የፕሮግራም ቋንቋዎች በየጊዜው ይታደሳሉ፤ በቀድሞው ስሪት የተጻፈ ኮድ ግን በአዲሱ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። በፓይተን ታሪክ ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ፓይተን 3.0 ሲወጣ ነው። ይህ ስሪት የቋንቋውን የቆዩ ጉድለቶች ለማረም ሲባል፣ ከፓይተን 2 ጋር ሙሉ በሙሉ እንዳይጣጣም ሆን ተብሎ የተሠራ ነበር። ለምሳሌ 5 ለ2 ሲካፈል ፓይተን 2 ውጤቱን 2 ሲያደርግ፣ ፓይተን 3 ግን 2.5 ይላል።

ልዩነቱ በአማርኛ ጽሑፍ ላይም ይታያል። በፓይተን 2 ተራ ጽሑፍ የሚያዘው እንደ ባይቶች ተርታ ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ «ሰላም» የሚለው ቃል ርዝመት ሲጠየቅ መልሱ 9 ይሆናል። ፓይተን 3 ጽሑፍን በዩኒኮድ ስለሚይዝ 3 ብሎ ይመልሳል። በሁለቱም ምሳሌዎች የስህተት መልእክት አይታይም፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ይለያል። አንድ ፕሮግራም በየትኛው ስሪት እንደሚሠራ ማወቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 አብቅቷል። ከ3.9 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ስሪት በየዓመቱ በኦክቶበር ይወጣል፤ እያንዳንዱም ለ5 ዓመት ያህል ድጋፍ ያገኛል። ስለዚህ በማንኛውም ጊዜ በርካታ ስሪቶች በሥራ ላይ ይገኛሉ።

ሌላው ምክንያት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ደኅንነት ነው። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች የሲስተሙ መሣሪያዎች ራሳቸው በፓይተን ይሠራሉ። በሴንትኦኤስ 7 ፕሮግራሞችን የሚጭነው «ያም» የተጻፈው በፓይተን 2 ስለነበር፣ የሲስተሙን ፓይተን በፓይተን 3 የተካ ሰው ፕሮግራም የሚጭንበትን መሣሪያ ያሰናክል ነበር። ፓይኤንቭ ስሪቶቹን የሚያስቀምጠው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ስለሆነ የሲስተሙን ፓይተን አይነካም።

አሠራሩ

ሼል አንድ ትዕዛዝ ሲሰጠው «ፓዝ» በተባለ ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡትን ፎልደሮች ከመጀመሪያው አንስቶ በተራ ይፈትሻል፤ በስሙ መጀመሪያ ያገኘውንም ፕሮግራም ያስነሳል። ፓይኤንቭ የራሱን ፎልደር በዚህ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያስገባል። በፎልደሩ ውስጥ «ሺም» የሚባሉ፣ ስማቸው ከእውነተኞቹ ፕሮግራሞች ጋር አንድ የሆነ ትንንሽ ስክሪፕቶች አሉ። ሼሉ የሚያገኘው ሺሙን ነው፤ ሺሙ ጥሪውን ለፓይኤንቭ ያደርሳል፤ ፓይኤንቭም ስሪቱን መርጦ ወደ እውነተኛው ፕሮግራም ያስተላልፈዋል።

ምርጫው የሚከተለው ቅደም ተከተል አለው፦

1. በ«ሼል» ትዕዛዝ የተመረጠ ስሪት፦ ለተከፈተው ተርሚናል ብቻ ያገለግላል።
2. በ«ሎካል» ትዕዛዝ የተመረጠ ስሪት፦ የስሪቱ ቁጥር በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በትንሽ ፋይል ይጻፋል። ፋይሉ እዚያ ከሌለ በላይ ባሉት ፎልደሮች ይፈለጋል።
3. በ«ግሎባል» ትዕዛዝ የተመረጠ ስሪት፦ ሌላ ምርጫ በሌለበት ሁሉ ይሠራል።
4. አንዱም ካልተመረጠ የሲስተሙ ፓይተን ይነሳል።

አጠቃቀም

ትዕዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የተመለከቱት በድምፃቸው ነው። «ፓይኤንቭ ኢንስቶል 3.12.4» የተባለውን ስሪት ይጭናል፤ «ፓይኤንቭ ቨርዥንስ» የተጫኑትን ይዘረዝራል፤ «ፓይኤንቭ ሎካል 3.12.4» ደግሞ ስሪቱን ለአንድ ፕሮጀክት ይመድባል። በ«ሎካል» የሚፈጠረው ፋይል ከኮዱ ጋር አብሮ ከተላከ፣ ፓይኤንቭ ያላቸው የሥራ ባልደረቦችም የትኛው ስሪት እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ።

ፓይኤንቭ መደበኛውን ፓይተን የሚጭነው የምንጭ ኮዱን አውርዶ እዚያው ኮምፒዩተር ላይ በመገንባት ነው። በመሆኑም መጫኑ ጊዜ ይወስዳል፤ ኮምፓይለርና አንዳንድ ላይብረሪዎችም አስቀድመው መኖር አለባቸው። ለምሳሌ የኤስኪውላይት ላይብረሪ ከሌለ ፓይተኑ ቢጫንም የኤስኪውላይት ዳታቤዝ መክፈት አይችልም።

ከምናባዊ አካባቢ ያለው ልዩነት

ጀማሪዎች ፓይኤንቭን «ቬንቭ» ከተባለው የፓይተን መሣሪያ ጋር ያምታታሉ። ፓይኤንቭ የፓይተኑን ስሪት ይመርጣል። ቬንቭ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የተጫኑ ተጨማሪ ላይብረሪዎች ከሌላው እንዳይደባለቁ ይለያያል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፦ ስሪቱ በፓይኤንቭ ከተመረጠ በኋላ በዚያ ስሪት ቬንቭ ይፈጠራል።

አመጣጡና ተመሳሳይ መሣሪያዎች

ፓይኤንቭ ለሩቢ ቋንቋ ከተሠራው «አርቢኤንቭ» የተገኘ ነው። የተጻፈው በሼል ስክሪፕት ስለሆነ ለመጫን ፓይተን አስቀድሞ እንዲኖር አይጠይቅም። ለኖድ ጄኤስ የሚያገለግለው «ኤንቪኤም» በሺም ፈንታ የ«ፓዝ» ዝርዝሩን ራሱን በመለወጥ ይሠራል። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ ስሙ ሲጠራ የትኛው ስሪት ይነሳ?