ዕቁብ በልቶ ሥራ ማጣት

በሠራተኛ ቅነሳ ከሥራ ስወጣ መጀመሪያ የታወሰኝ የቤት ኪራዩ አይደለም፣ ዕቁቡ ነው። ዕጣው በሁለተኛው ወር ወጥቶልኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼበታለሁ። በየወሩ 1,500 ብር፣ ገና 8 ወር ይቀረኛል። ዋሴ ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት። ኢኮኖሚክስ ተምሬም ዕቁቡን ቁጠባ ነበር የምለው፤ ከበሉት በኋላ ግን ያው ዕዳ ነው።

የስንብት ክፍያዬን ራሴ አሰላሁት (ብዙ ሰው የሰጡትን ተቀብሎ ይፈርማል)። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይታሰባል። ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ይጨመራል። እኔ 3 ዓመት ሠርቻለሁ፤ 110 ቀን መጣ። በ9,000 ብር ደሞዝ 33,000 ብር፣ ከግብር በፊት።

ብሩ ሲገባ ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የዕቁቡን 12,000 ቀንሼ የተረፈውን ለአራት ወር ሳካፍለው በወር 5,000 እንኳ አልሞላም። የዕቁቡን ብር ስልኬ ላይ በማይታይ የባንክ ደብተር አስቀመጥኩት፤ በየወሩ ሄጄ አወጣለሁ። ወረፋው ያናድዳል፣ ግን ብሩ አለ።

ዕጣ ያልወጣላችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ለዳኛው ንገሩ፤ ለተቸገረ አባል ተራ የሚያስቀድም ዕቁብ ብዙ ነው።