ማኪያቶ ሆድዎን ይነፋዎታል? አሜባ ላይሆን ይችላል!

«ዶክተር፣ አሜባው አልለቅ አለኝ» አሉኝ አንዲት እናት። ሦስት ጊዜ መድኃኒት ወስደዋል፤ የሰገራ ምርመራቸው ግን ንጹህ ነው። ስጠይቃቸው፣ ማኪያቶ ሲጠጡ ይነፋቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል። ስኳር ያለው ሻይ ግን ምንም አያደርጋቸውም።

ለምን? ሁለቱም ጥንድ ስኳር ናቸው፤ ልዩነቱ ስማቸው ላይ አለ።

👉 የወተት ስኳር (ላክቶስ)፦ ጋላክቶስ + ግሉኮስ። ማያያዣው «ቤታ 1፣4» ይባላል፤ የጋላክቶስ 1ኛ ካርቦን ከግሉኮስ 4ኛ ካርቦን ጋር ተያይዟል ማለት ነው። የሚቆርጠው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው።
👉 የሻይ ስኳር (ሱክሮስ)፦ ግሉኮስ + ፍሩክቶስ። ማያያዣው «አልፋ 1፣ ቤታ 2» ነው። ቆራጩም ሌላ ነው።

ላክቴዝ ሲያንስ ላክቶሱ ሳይቆረጥ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ ባክቴሪያ ያቦካውና ጋዝ ይፈጥራል።

ወተት ለሁለት ሳምንት አቁመው ይዩት። እርጎ ግን ብዙዎችን ይስማማል። ደም፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ሳይዘገዩ ይታከሙ። የአሜባ መድኃኒት በግምት አይውሰዱ!