ያውቁ ኖሯል? የሆላንድ ስም በእንግሊዝ አፍ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ በልተው ሲነሡ ሁሉም የየራሱን ቢከፍል፣ እንግሊዝኛ ይህን «ጎ ደች» ይለዋል፤ እንደ ሆላንዶች ማድረግ ነው። «እኔ እያለሁማ አይሆንም!» እየተባለ እጅ ለእጅ በሚያያዙበት በእኛ ገበታ ለመድ ያለ ነገር አይደለም።

ይህንኑ አከፋፈል ቱርኮች የጀርመን፣ ግብፆች የእንግሊዝ ያደርጉታል። ጣሊያኖች ግን በራሳቸው ከተማ ሰይመው «እንደ ሮማውያን» ይላሉ።

ሆላንድ ለምን ተመረጠች? እንግሊዝና ሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1652 እስከ 1674 በባሕር ንግድ የተነሣ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። በ1667 የሆላንድ መርከቦች በመድዌይ ወንዝ ገብተው የእንግሊዝን መርከቦች ከደጃቸው አቃጥለዋል፤ «ሮያል ቻርልስ» የተባለችውንም ዋና መርከብ ጎትተው ወስደዋል። ጦርነቱ ቢያልፍም ስሙን ለሽሙጥ መጠቀሙ አልቀረም። «የደች ወኔ» ከጠርሙስ የተቀዳ ድፍረት ነው። «ድርብ ደች» ጆሮ የማይይዘው ንግግር። «የደች አጎት» ደግሞ ሳያባብል ፊት ለፊት የሚገሥጽ ሰው፤ እንዲህ ያለ አጎት ያለው ሰው በእኔ እምነት ታድሏል።

«የደች ጨረታ» ግን ስድብ የለበትም፤ ለእኛም ቅርብ ነው። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ዝዋይ ላይ የሚያዩት ሸር ኢትዮጵያ በሆላንዶች የተቋቋመ የጽጌረዳ እርሻ ነው። የኢትዮጵያ አበባ ከቦሌ በአውሮፕላን ሄዶ ከሚሸጥባቸው ገበያዎች አንዱ የሆላንዱ አልስሜር ነው። እዚያ ዋጋው ከላይ ይጀምርና በሰዓት መሰል ሰሌዳ ላይ ይወርዳል። ቀድሞ ቁልፉን የተጫነ ገዢ አበባውን ይወስዳል፤ የዘገየ ያጣል። ተጫራቾች ዋጋ እያናሩ እስኪሰለቹ ድረስ አይጠበቅም፤ ለሚጠወልግ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

«የደች ምድጃ» የሚባለው ደግሞ ክዳን ያለው የብረት ድስት ነው። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ ከሆላንዶች ባየው ዘዴ በ1707 በአሸዋ ቅርጽ ድስት ለማፍሰስ የፈጠራ መብት አገኘ።

የሆላንድ አሻራ በእኛም ቤት አለ፤ «የፈረንጅ ላም» የምንላት ጥቁርና ነጭ ባለ ብዙ ወተት ላም የዘር ሐረጓ ከሆላንዷ ፍሪስላንድና ከሰሜን ጀርመን ይመዘዛል። «ፈረንጅ» ራሱ ፍራንክ ከተባለው ሕዝብ ስም የመጣ ነው።

የሆላንድ ተጫዋቾች ብርቱካናማ ማልያ የንጉሣዊው የኦራንጅ ቤት ቀለም ነው። «ብርቱካን» የሚለው ስማችን ግን በዓረብኛ በኩል የደረሰን ከፖርቱጋል ነው፤ ጣፋጩን ብርቱካን በብዛት ያዛመቱት ፖርቱጋሎች ነበሩና።