ጃፓን በጡረታ ገንዘብ

የፋሲካ ሰሞን ወይም ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ በኤፕሪል መጨረሻ፣ ከግሪንዉድ ጣቢያ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የቶሮንቶ ባቡር ሃይ ፓርክ ሲደርስ ብዙ ሰው ያራግፋል። ዳንፎርዝ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ሠፈር የተሳፈረ ሰው መስመር ሳይቀይር እዚያው ይወርዳል። ከሚወርዱት መካከል ነጠላ ያጣፉ እናቶችና ኮፍያቸውን ዝቅ ያደረጉ አባቶች አይጠፉም። ሳኩራ የሚባለው አበባ ሥር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ፎቶው በማግስቱ አዲስ አበባ ላለችው እህት ይደርሳል።

ዛፎቹ ራሳቸው ስደተኞች ናቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1959 በካናዳ የጃፓን አምባሳደር የነበሩት ቶሩ ሃጊዋራ በቶኪዮ ነዋሪዎች ስም 2,000 ዛፎች ለከተማዋ አበረከቱ። ምክንያቱ ምስጋና ነበር፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቀያቸው የተነቀሉትን ጃፓናውያን ካናዳውያን ቶሮንቶ ተቀብላ አስጠግታለች። እንግዲህ ከእነዚህ ዛፎች ሥር ነው አንዳንድ ባልና ሚስት “ለምን በአገሩ ሄደን አናየውም?” የሚል ሐሳብ የሚያነሡት። ልጆች ተድረዋል፣ የቤት ዕዳ አልቋል ወይም ሊያልቅ ነው፤ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ተሂዷል። መልሱም ዘወትር አንድ ነው፦ “ጃፓንማ ውድ ነው።”

ነበር። አሁን ግን የን ረክሷል። በ2012 አንድ የካናዳ ዶላር 80 የን ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ከ100 በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ቶሮንቶ የኖረ ሰው ኪሱን ሲዳብስ የሚገርሙት ሁለት ነገሮች አሉ። ጃፓን ውስጥ ጉርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ትቶ የወጣን ሰው አስተናጋጁ “ረስተሃል” ብሎ ሊከተለው ይችላል። የሽያጭ ግብሩም 10 በመቶ ሲሆን፣ ዋጋው ላይ ተካቶ መጻፍ አለበት። በኦንታሪዮ ምግብ ቤት 13 በመቶ ግብርና 15 ወይም 18 በመቶ ጉርሻ ደምሮ መክፈል ለለመደ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

የገቢው ነገርም መነሣት አለበት። የካናዳ የእርጅና ጡረታ ሙሉ የሚሆነው ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ 40 ዓመት አገሩ ውስጥ ለኖረ ሰው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሱዳን በኩል ዞሮ ቶሮንቶ የገባ ሐበሻ 65 ሲሞላው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያጥራል፤ 30 ዓመት የኖረ ከ40 እጅ 30ውን ያገኛል። ስለዚህ እዚህ የሚወራው የቅንጦት ጉዞ አይደለም። ነገር ግን ጡረተኛ ከሠራተኛ የሚበልጥበት አንድ ሀብት አለው፤ ቀኑ የራሱ ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት አይጠብቅም፣ አለቃ አያስፈቅድም። የጃፓን ሆቴሎች ዋጋ የሚሰቅሉት በሳኩራ ወቅት፣ ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ባሉት ተከታታይ በዓላት፣ በኦገስት አጋማሽና በአዲስ ዓመት ነው። ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ እንዲሁም በዲሴምበር መጀመሪያ ዋጋው ይወርዳል። ብርዱስ? የቶኪዮ ጃንዋሪ ለቶሮንቶ ሰው ብርድ አይባልም።

ሳኩራውን ካላየን ለምን እንሄዳለን የሚሉ ደግሞ አንድ ነገር ያስቡበት፦ አበባው ቶኪዮ ላይ የሚፈካው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ በሁዳዴ መካከል። ለጿሚ ባልና ሚስት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ ጃፓን ሞልቷል፤ ቶፉ አለ፣ ከጥቁር ስንዴ የሚሠራው ሶባ አለ፣ በኡሜ ፍሬ የተሞላ የሩዝ ድብልብል አለ። ችግሩ መረቁ ነው። ዳሺ የሚባለው የጃፓን መረቅ በብዛት የሚሠራው ከደረቀ ዓሣ ሲሆን፣ አትክልት ብቻ የመሰለ ሳህን ውስጥም ይገባል። ዓሣ የማይበላ ጿሚ ከባሕር አረም ብቻ የተሠራውን “ኮምቡ ዳሺ” ብሎ መጠየቅ ወይም የቡድሂስት መነኮሳት የሚበሉትን “ሾጂን ርዮሪ” መፈለግ አለበት። የእነሱም ጾም ከእኛው ብዙ አይርቅም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መከልከላቸው ብቻ ነው ሐበሻን የሚያስከፋው።

የአውሮፕላኑ ነገር ከሚፈራው ይቀላል። ከቶሮንቶ ፒርሰን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቶኪዮ ሃኔዳ ኤር ካናዳ በቀጥታ ይበራል፤ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ አዲስ አበባ ቀጥታ ለመብረር ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ተመሳሳይ ስለሆነ እግርና ወገብ ያውቁታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድና ኤር ካናዳ ሁለቱም የስታር አሊያንስ አባላት ናቸው። በየዓመቱ አገር ቤት ሲመላለሱ የበረራ ነጥብ በኤር ካናዳው “ኤሮፕላን” መዝገብ ያስቆጠሩ ባልና ሚስት ያንኑ ነጥብ ወደ ቶኪዮ ሊያውሉት ይችላሉ። ብዙዎች ነጥቡ መኖሩን እንኳ አያስታውሱም፤ የልጅ ልጅ ስልክ ከፍቶ ያሳያቸዋል። በርካሽ የሚበረው ዚፕኤር ከቫንኩቨር ወደ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል፤ ሆኖም ናሪታ ከመሐል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአውሮፕላን የተረፈው ገንዘብ ታክሲ ላይ እንዳያልቅ ወደ ቶኪዮ ጣቢያ የሚሄደውን አውቶቡስ መያዝ ይሻላል፤ ዋጋው ለአንድ ሰው 1,500 የን አካባቢ ነው። የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎት ደግሞ ነጻ ነው፤ ሲቆርጡ ማስመዝገብ ይበቃል። በቦሌ በር ላይ ያንን ወንበር በማስያዝ ሐበሻን የሚቀድም ስለሌለ ይህን ማስተማር አያስፈልግም።

ቪዛ ላይ ግን ባልና ሚስት የሚለያዩበት ጊዜ አለ። የካናዳ ፓስፖርት የያዘ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያን ፓስፖርት እንደያዘ በቋሚ ነዋሪነት የቀረ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ቶሮንቶ የጃፓን ቆንስላ ጄኔራል አለ። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሁለቱም ፓስፖርቶች ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው ሕመም ነው። የኦንታሪዮ የጤና መድን፣ ኦሂፕ፣ ከአገር ውጭ ለድንገተኛ ሕክምና የሚከፍለው ሆስፒታል ለተኛ ሰው ቢበዛ በቀን 400 ዶላር፣ ለተመላላሽ ደግሞ እስከ 50 ዶላር ነው። የቀረው ከኪስ ይወጣል። የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግድ ነው፤ ሲገዙም “የረጋ ሕመም” የሚለውን አንቀጽ ማንበብ። አብዛኛው ውል ነባሩ ሕመም ከጉዞው በፊት ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ90 ወይም ለ180 ቀን፣ ሳይለወጥ እንዲቆይ ይጠይቃል። በመነሻው ወር ሐኪም የደም ግፊቱን ኪኒን መጠን ከቀየረ በውሉ ዓይን ሕመሙ አልረጋም፤ ልብ አስጨንቆ ሆስፒታል ቢያስገባ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። መድኃኒቱም ቢሆን ሐኪም ያዘዘው እስከ አንድ ወር የሚበቃው ብዙውን ጊዜ በነጻነት ይገባል፤ ከዚያ በላይ ለሚይዝ አስቀድሞ ከጃፓን ጤና ሚኒስቴር ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ቋንጣ አይግባ። ጃፓን የሥጋ ውጤት ማስገባትን አጥብቃ ትከለክላለች፤ ቅጣቱ እስከ እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን የን ይደርሳል። ድርቆሽ ያለ ቋንጣ፣ ቡና ደግሞ ተቆልቶ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በዚህ ዕድሜ የጉዞውን በጀት የሚሠራው ጉልበት ነው። ወጣቶች በ10 ቀን ሰባት ከተማ ይዞራሉ፤ ጡረተኛ እንደነሱ ልዙር ሲል ገንዘቡም ጉልበቱም አብረው ያልቃሉ። ለዚህ የባቡር ትኬቱ ጥሩ ምስክር ነው። በመላው ጃፓን ለሰባት ቀን የሚያገለግለው የጄአር ፓስ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ተሰቀለ። ለሁለት ሰው 100,000 ነው። ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ሺንካንሰን የአንድ ጉዞ ዋጋ ግን ለአንድ ሰው 14,000 የን አካባቢ ነው። ቶኪዮ ገብቶ በኦሳካ በኩል የሚወጣ ትኬት የቆረጡ ባልና ሚስት መንገዱን አንዴ ብቻ ይሄዳሉ፤ 28,000 የን ከፍለው ይገላገላሉ። ኮዳማ የሚባለው በየጣቢያው የሚቆም ሺንካንሰን ደግሞ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ አስቀድሞ ለሚገዛ የቅናሽ ትኬት አለው። ሰዓቱ ያለው ሰው ለምን ይቸኩላል?

ጃፓኖች ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። ከ1981 ጀምሮ የባቡር ድርጅቱ “ሙሉ ጨረቃ” የሚል ትኬት ይሸጥ ነበር፤ የሚገዙትም የሁለቱ ዕድሜ ተደምሮ 88 እና ከዚያ በላይ የሆነ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። ሽያጩ በቅርብ ዓመታት ቆመ እንጂ ለሐበሻ ቤተሰብ ቀልድ ይሆን ነበር፤ በስንቱ ቤት የእማማ ትክክለኛ ዕድሜ ይታወቃልና!

በ18 ሌሊት ሦስት መኝታ ይበቃል እንበል። ቶኪዮ ዘጠኝ ሌሊት፣ ኪዮቶ ስድስት፣ ኦሳካ ሦስት። ከወቅት ውጭ ለሠራተኛ መንገደኞች በተሠሩት ቀላል ሆቴሎች ጥንድ ክፍል በሌሊት 12,000 የን ብናስብ 216,000 ይመጣል። ለሁለት ሰው ምግብ በቀን 6,000፣ የከተማ ባቡር 1,500 ብንይዝ በ19 ቀን 142,500 ነው። የሺንካንሰኑን 28,000 ስንጨምርበት 386,500 የን ይሆናል፤ በ105 ሲመነዘር 3,700 የካናዳ ዶላር ይጠጋል። አውሮፕላንና ኢንሹራንስ ሌላ ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ ቢሆንም ሰርግ ላይ ስንት እንደሚወጣ የሚያውቅ ሐበሻ አይደነግጥበትም።

በባህላዊው ማረፊያ በሪዮካን ማደር ለአንድ ሌሊት ደስ ይላል። ፍራሹ ግን መሬት ላይ ነው፤ ድሮ መደብ ላይ ያደገ ሰው እንኳ ዛሬ ሲነሣ የሚደግፈው ያሻዋል። ትልቁን ሻንጣ ከሆቴል ሆቴል የሚያደርስ “ታክዩቢን” የሚባል አገልግሎት አለ፤ ከ2,000 እስከ 3,000 የን ይከፈልበታል፣ በማግስቱ ይደርሳል። ይህን ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም፤ የሺንጁኩ ጣቢያ ብቻ ከ200 በላይ መውጫ አለው፣ ሻንጣ ይዞ አሳንሰር መፈለግ ጸሎት ያስፈልገዋል። ለሽንት የሚያስሮጥ ኪኒን የሚወስዱ ደግሞ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፦ በየጣቢያውና በየመናፈሻው ንጹሕ ሽንት ቤት አለ፣ በነጻ። በቶሮንቶ ለዚህ ሲባል ብቻ ቡና የሚገዛ ስንት ነው?

ፓስፖርት አሳይቶ የዕድሜን ጥቅም መቀበልም ነውር የለበትም። የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ቋሚ ትርዒቱን ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ በነጻ ያሳያል። ሺንጁኩ ግዮኤን የተባለው መናፈሻ መግቢያው 500 የን ሲሆን ከ65 በላይ ለሆኑ ግማሽ ነው። የከተማው መስተዳድር ሕንፃ 45ኛ ፎቅ ላይ ያለው መመልከቻ ለሁሉም ነጻ ነው።

ሱጋሞ የሚባል ሠፈር ደግሞ አለ፤ በወጣቶቹ የቶኪዮ ሠፈር ስም “የአያቶች ሃራጁኩ” ይሉታል። ሱቆቹ የወገብ ማሞቂያ፣ ምቹ ጫማና ቀይ የውስጥ ልብስ ይሸጣሉ፤ ቀዩ ጤና ይሰጣል ይባላል። በወሩ 4፣ 14 እና 24 ገበያ ይቆማል። ኮጋንጂ በተባለው ቤተ መቅደስ ግቢ አንድ ሐውልት አለ፤ አረጋውያን ተሰልፈው በጨርቅ ያጥቡታል። ጉልበቱ የሚያመው ሐውልቱን ጉልበቱ ላይ፣ ትከሻው የሚያመው ትከሻው ላይ። ጸበል ወርዶ የሚያውቅ ሰው ሃይማኖቱ ባይሆንም የሰልፉን ስሜት ያውቀዋል።

ከሐበሻ ጃፓንን አይቶ በመጻፍ የቀደሙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በባሕር ተጉዘው ሄዱና “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የሚለውን መጽሐፍ ጻፉ። ዛሬ በ70ዎቹ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ግን ጃፓን ማለት አበበ ቢቂላ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1964፣ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰና ሣሩ ላይ ተጋድሞ እግሩን ማፍታታት ጀመረ። ተመልካቹ ጉድ አለ።

አበበ ሩጫውን የጨረሰበት ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል፤ ሰለሞን ባረጋ በ2021 የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው እዚያ ነው። መንገዱ ግን እንዳለ ነው። ሯጮቹ በኮሹ ካይዶ ጎዳና ወደ ምዕራብ ሄደው ቾፉ በምትባል ከተማ ዞረው ተመለሱ፤ የዞሩበት ቦታ ላይ የድንጋይ መታሰቢያ ቆሟል። ከሺንጁኩ በኬኦ መስመር ቶቢታክዩ ጣቢያ ድረስ 300 የን ገደማ ነው፤ ከዚያ በእግር በዝግታ ይደረሳል። አስጎብኚ የለም፣ መግቢያ አይከፈልም። መኪና በጎን ያልፋል። አረጋውያኑ ድንጋዩን ደገፍ ብለው ያርፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ አዲስ አበባ ላለችው እህት ይላካል። ከዚያ ልክ እንደ አበበ ፊታቸውን ወደ ከተማው ያዞራሉ፤ እነሱ ግን በባቡር።